አሮጌ አምፕ ወይስ አዲስ? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በቅደም ተከተል የምታዩት

«ይቺን አሮጌ ሳንሱይ አምፕ ልግዛት ወይስ ጨምሬ አዲስ ልውሰድ?» ደሴ ላይ አምፕ (ለስፒከር ኃይል የሚሰጠውን ድምፅ ማጉያ) ሲነካካ የታየ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ጠያቂው ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳየኛል፤ ፊቷ ብርማ፣ ቁልፎቿ ወፋፍራም፣ ጎንና ጎኗ እንጨት። ፎቶ ላይ የማታምር አሮጌ አምፕ እስካሁን አላየሁም። መልሴ ሁሌ አንድ ነው፤ «ፊቷን ተዋትና ጀርባዋን አንስተህ ላክልኝ።»

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። አሮጌ አምፕ ከአዲስ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ግን ሻጩ የሚጠራላችሁ ዋጋ ገና ከሦስቱ አንዱ ነው። የተጠራው ብር፣ ሲደመር ጥገናው፣ ሲደመር ከመብራታችን ጋር ለማስማማት የሚወጣው፤ ዋጋ ማለት ይሄ ድምር ነው። ሦስቱንም ደምሮ የገዛ ሰው ሲቆጭ አላየሁም። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ግን የጥገና ቤት ደንበኛ ሆኖ ይቀራል። እኔም ነገሩን የተማርኩት እንዲሁ ደንበኛ ሆኜ ነው።

መጀመሪያ፦ የት ሆኖ እንደሚሠራ ለዩ

አራት በአራት ሜትር ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ሙዚቃ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ መንዙማ ለሚከፍት ሰው በእያንዳንዱ ጎን 20 ወይም 30 ዋት ይበቃዋል፤ ይተርፈዋልም። ተራ የቤት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ86 እስከ 88 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይሰጣል፤ በዚህ ድምፅ ላይ ለመጨዋወት ጮክ ማለት ያስፈልጋል። ዋቱን እጥፍ ስታደርጉት የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለው ያህል። «እጥፍ ሆነ» እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 35 ዋቱን ትታችሁ ለባለ 70 ዋቱ እጥፍ ብር አትክፈሉ። ብሩን ስፒከር ላይ ብታውሉት ልዩነቱን ጎረቤትም ይሰማዋል።

ለሠርግ ዳስ ከሆነ የምትፈልጉት ይህን መመሪያ ተዉት፤ የቤት አምፕ አሮጌም ሆነ አዲስ ዳስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ተንጎራጉሮ አያድርም።

ደላንታ ወይም ተንታ ገጠር ውስጥ በሶላርና በ12 ቮልት ባትሪ የሚኖር ሰው ደግሞ ጥያቄው ገና ሳይጀመር ተመልሶለታል፦ አዲሱን ይግዛ። የድሮዎቹ አምፖች ከሚበሉት ኃይል ግማሽ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጡት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ደግሞ የሚባክነው ይብሳል። ክላስ ዲ የሚባሉት አዲሶቹ ደህና ሲሠሩ 90 ከመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ያደርሳሉ። ቲፒኤ 3116 የተባለችውን ቺፕ የያዘች የመዳፍ ስፋት ያላት ቦርድ ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ለባለ 4 ኦም (ኦም ስፒከሩ መብራቱን የሚቋቋምበት ልክ ነው) ስፒከር በየጎኑ ወደ 15 ዋት ትሰጣለች። አሮጌውን በኢንቨርተር ልነዳው ካላችሁ ግን ባትሪያችሁ አንድ ካሴት ሳይጨርስ «ደከመኝ» ይላችኋል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንግዲህ መብራት ላለው ከተማ ሰው ነው፤ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለወልዲያ።

ሁለተኛ፦ ጀርባውን አንብቡ

ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

እጄ የገቡት አሮጌ አምፖች ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው የአሰብ መንገድ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብ ወደባችን ሆና ስታገለግል ብዙ የጭነት መኪና በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ነበር የሚወጣው፤ ቴፑም፣ ሬዲዮኑም፣ አምፑም አብሮ። ፊሊፕስና ግሩንዲግ የመሳሰሉት የአውሮፓ ዕቃዎች ባብዛኛው 220 ቮልት ናቸው፤ ሰክቶ መጠቀም ነው። ሁለተኛው የጂዳ መንገድ ነው። ወሎ ውስጥ ከዐረብ አገር ዕቃ ያልተላከለት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሳዑዲ ግን ለረጅም ዓመታት በብዙ ቤት 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) መብራት ነበር የምትጠቀመው። ከዚያ የመጣ አምፕ ወይ ቮልት መምረጫ አለው፣ ወይ የለውም። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከጀርባው ጽሑፍ ሦስት ነገር ፈልጉ።

ቮልቱን እዩ። ለብዙ አገር ገበያ የተሠሩት ከጀርባ በካቻቢቴ የሚዞር ወይም ተነቅሎ የሚሰካ መምረጫ አላቸው፤ 110፣ 120፣ 220፣ 240 ይላል። ይህ ካለ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን ሳትሰኩ በፊት የት ላይ እንዳለ ተመልከቱ። «100 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ለጃፓን አገር ቤት የተሠራ ነው፤ «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ለአሜሪካ።

ለነዚህ መቀነሻ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ገበያ ላይ ያለው መቀነሻ 220ውን ለሁለት ከፍሎ 110 የሚያደርግ ነው። ለ100 ቮልቱ ጃፓን 110 በራሱ አንድ አሥረኛ ትርፍ ነው። ሌሊት ሰዉ ሲተኛ መስመሩ 240 የሚደርስበት ሰፈር ደግሞ መቀነሻው 120 ነው የሚሰጣችሁ፤ ትርፉ ሃያ ከመቶ ገባ ማለት ነው። ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙት) ይህን ለዓመታት አይችሉትም። በ60 ኸርዝ ብቻ የሚሠራ ተብሎ የተጻፈበት ትራንስፎርመርም በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ከልኩ በላይ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ሁለተኛው የምትፈልጉት ዋቱን ነው፤ የመቀነሻው መጠን ከጀርባ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ አምፑ 200 ዋት የሚል ከሆነ ባለ 500ውን ውሰዱ።

ሦስተኛው የኦሙ ጽሑፍ ነው። ስፒከር መሰኪያው አጠገብ «ከ4 እስከ 16 ኦም» ወይም «8 ኦም» ይላል። ሁለት ጥንድ ስፒከር በኤ እና በቢ መሰኪያዎች አንድ ላይ ለማሠራት ያሰበ ሰው፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም እንደሚሆኑ ይወቅ፤ «8 ኦም» ብቻ ለሚል አምፕ ይህ ከልኩ በታች ነው።

የራሴን ጉድ ልናገር። የመጀመሪያ አሮጌ አምፔን ስገዛ ደላላው «220 ናት፣ አብሽር!» አለኝ። ስፒናው የኛ ነው፤ ወፍራም፣ ሁለት ክብ ጥርስ። አመንኩት። ቤት ወስጄ ሰካሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ጥልቅ የሆነ ማጉረምረም ነው፤ ንብ ቀፎ ውስጥ ጆሮ እንደ መደቀን። ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። ስፒናውን እስክነቅል ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ 100 ቮልት። አንድ ሰው ጠፍጣፋውን የጃፓን ስፒና ቆርጦ የኛን ቀጥሎበታል። ትራንስፎርመሩ ሞተ፤ ትራንስፎርመር ማስጠምጠም ደግሞ አምፑን ከገዛሁበት በላይ ጠየቀኝ። ስለዚህ ስፒናን አትመኑ። የተቀጠለ ገመድ ካያችሁ እንዲያውም አንድ ነገር ተደብቋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛ፦ ሳትሰኩ መርምሩ

አንሱት። ክብደት ጥሩ ምልክት ነው፤ የድሮ አምፕ ዋጋው ያለው ትራንስፎርመሩና የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው ላይ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ይከብዳሉ። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ኤስኤክስ 1980 በየጎኑ 270 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ ነው። ሳንሱይ ራሱ ሥራውን የጀመረው ትራንስፎርመር በመሥራት ነው። (ስሙ በጃፓንኛ ተራራና ውሃ ማለት ነው። የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ እያየ ለሚኖር የደሴ ሰው ሳንሱይ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።)

አሽቱት። በማናፈሻው በኩል አፍንጫችሁን አስጠጉ። አቧራ ቢሸት ችግር የለም። የተቃጠለ ነገር ወይም የዓሣ ዓይነት ሽታ ከሸተተ ካፓሲተር ፈስሷል ወይም ተቃጥሏል። የአይጥ ሽንት ከሸተተ ደግሞ አመስግናችሁ ሂዱ፤ አሲዱ የቦርዱን መስመር በልቶታል።

ብሎኖቹን እዩ። ራሳቸው ተፋፍቆ ከሆነ ብዙ እጅ ከፍቶታል። ያልተከፈተ የተበላሸ አምፕ፣ አምስት ሰው ከሞከረው የተበላሸ አምፕ በብዙ ይሻላል።

ከቻላችሁ ክዳኑን አስከፍቱና በባትሪ አብሩበት። አንድ ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጡት ነጠላ ትራንዚስተሮች (ድምፁን የሚያጎሉት ትንንሽ ዕቃዎች) ናቸው ወይስ «ኤስቲኬ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ሰፊ ጥቁር ጡብ መሳይ? ነጠላ ትራንዚስተር ከተቃጠለ ተመሳሳዩ ይፈለጋል፣ ይገኛልም። ኤስቲኬው ግን የሳንዮ ሥራ ነበር፤ የሳንዮ ሴሚኮንዳክተር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፣ የድሮዎቹ ቁጥሮችም መመረታቸው ቀረ። ዛሬ ገበያ ላይ «ኦሪጅናል» እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ፎርጅድ ነው፤ ሳምንት ሠርቶ ይፈነዳል፣ አንዳንዴ ስፒከሩን ይዞ ይሄዳል። ኤስቲኬ ያለበትን አምፕ እየሠራ ካገኛችሁት በርካሽ ግዙ፤ ተበላሽቶ ካገኛችሁት በነፃም አትውሰዱ።

አራተኛ፦ በአምፖል በኩል አብሩት

ዓመታት ሳይሰካ የቆየ አምፕ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም። ጠጋኞች የሚያውቋት ቀላል ብልሃት አለች። አንድ ስፒና፣ አንድ ፖርታላምፓ፣ አንድ ሶኬትና ሁለት ሜትር ገመድ ያዙ። ከስፒናው ከሚወጡት ገመዶች አንዱን በቀጥታ ወደ ሶኬቱ አድርሱት። ሌላውን መጀመሪያ ወደ ፖርታላምፓው አስገቡ፣ ከፖርታላምፓው አውጥታችሁ ወደ ሶኬቱ። አርዝ ካለ እሱም በቀጥታ ይሂድ። አሁን አምፑ የሚበላው ሁሉ በአምፖሉ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አምፖሉ የድሮው ክር ያለው፣ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ሻማ ይሁን፤ ኤልኢዲና ኢኮኖሚ አምፖል ለዚህ አይሆኑም። አምፑ 110 ከሆነ መቀነሻውን በዚችው ሶኬት በኩል ሰኩት። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በደንብ ጠቅልሉ፤ ይህ 220 ነው፣ በባዶ እግርና በእርጥብ እጅ አይነካም።

ስፒከር ሳታገናኙ፣ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ አብሩ። አምፖሉ ደመቅ ብሎ ወዲያው ከፈዘዘ ደስ ይበላችሁ፤ ካፓሲተሮቹ ሞልተው ተረጋጉ ማለት ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ አጥፉ፣ እዚያው ላይ ድርድሩን እንደ ተበላሸ ዕቃ ጀምሩ። ጭራሽ ካልበራ ፊውዝ ወይም ማብሪያው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ርካሽ ብልሽት ነው።

አምፖሉ ፈዝዞ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ በቀጥታ ሰኩ። ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ባለው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሪሌው ነው። ይህ ሪሌ ውስጡ ጤነኛ መሆኑን ሳያረጋግጥ ስፒከሩን አያገናኝም። ቀጭ ያላለ አምፕ የሚከለክለው ነገር አለ። (ሪሌ የሌላቸው በተለይ ቆየት ያሉ ሞዴሎች አሉ፤ ለነሱ የሚከተለውን ልኬታ ከማንም በላይ አትዝለሉት።)

አምስተኛ፦ በቴስተር ሁለት ደቂቃ

ቴስተሩን ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መብራት) ቮልት ላይ፣ በትንሹ መለኪያ አድርጉት። ስፒከር ሳይሰካ የስፒከሩን ቀይና ጥቁር መሰኪያ ንኩ፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን። ከዚህ ሙዚቃ እንጂ ዲሲ መውጣት የለበትም። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ጥሩ ነው። 100 ካለፈ ጥገና ይፈልጋል። ሙሉ ቮልት ካሳያችሁ ስፒከር አታስጠጉት፤ ያ ዲሲ የስፒከሩን ጥቅል እንደ ምድጃ ያግለዋል።

ይህን ስታደርጉ ሻጩ ፊቱን ያኮሳትር ይሆናል። «ምን ሐኪም ሆንክ?» ያለኝ አለ። «ወላሂ ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ልያትና ብሩን ልቁጠርልህ» ብዬ ሳቅሁለት፤ እሱም ሳቀ። 180 ሚሊ ቮልት ነበር በቀኝ። ከጠራው ላይ ሲሶውን ቀነሰልኝ።

ስድስተኛ፦ አሁን አድምጡ፣ ግን «ሞቷል» ለማለት አትቸኩሉ

ስልካችሁን ከፎኖ ላይ እንዳትሰኩ። ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ቮልት የሚጠብቅ ጆሮ ነው ያለው፣ ስልክ ስትሰኩበት ይጮህበታል፣ ይንኮሻኮሻል። «ኦክስ» ወይም «ቴፕ» ላይ ሰኩ። የአውሮፓዎቹ ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ ካላቸው ማስተላለፊያ ገመድ ያስፈልጋል።

ድምፅ ከሌለ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ፊቱ ላይ «ቴፕ ሞኒተር» የሚል ቁልፍ አለ፤ ከተጫነ አምፑ ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ሌላው ሁሉ ዝም። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስቅ ነው። ብዙ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ የጃፓን አምፖች ከጀርባ «ፕሪ አውት» እና «ሜን ኢን» የሚባሉ አራት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነሱን የሚያገናኙ ሁለት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አብረው ይመጣሉ። ብረቱ ወድቆ ከጠፋ አምፑ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰኞ ገበያ «ለስፔርፓርት» ተብሎ የተሸጠልኝ አምፕ ሕመሙ ይኸው ነበር። ከተጣለ ገመድ ላይ ሁለት ጃክ ቆርጬ አጫጭር ማገናኛ ሠራሁለት። ያን ቀን ማታ ሲዘፍን አደረ።

ስፒከራችሁ ደህና መሆኑን ደግሞ በአንድ የባትሪ ድንጋይ አረጋግጡ፤ ሁለቱን ሽቦ ጫፍና ጫፉ ላይ ነካ ስታደርጉት «ጧ» ካለ በሕይወት አለ።

ምን ላድምጥበት ለሚለኝ፣ የምታውቁትን እላለሁ። እኔ ማሲንቆ ነው የምጠቀመው። የጭራው ፍትጊያ ብዙ ቀጭን ድምፅ ስላለበት አምፑ ሲደክም ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ማሲንቆው እየፈተገ ከመዝፈን ይልቅ ቆርቆሮ እንደሚፋቅ ይሆናል። ቀጥሎ መንዙማ፤ ድቤውና ጭብጨባው አንድ ላይ ሲወርዱ የዘማሪው ድምፅ ዝቅ ካለ ወይም ከተንቀጠቀጠ ኃይል ሰጪው ክፍል፣ ማለትም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች፣ ደክመዋል። በመጨረሻ ማሪቱ ለገሠን ወይም የምትወዱትን የአምባሰል ድምፃዊ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ። ቮሊዩሙን ስታዞሩ «ክርር ክርር» ማለቱ አያስፈራችሁ፤ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ምንም ሳትነኩት አንዱ ጎን በራሱ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ ግን ሪሌው ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ነው።

ሰባተኛ፦ ድምሩን ሥሩ

ለሒሳቡ ያህል ሻጩ 10,000 ብር ጠራ እንበል። ጠጋኛችሁን ጠይቁ፤ ካፓሲተሮቹን መለወጥና ማጽዳት 5,000 ቢል፣ አምፑ 100 ቮልት ስለሆነ መቀነሻው 4,000 ቢሆን፣ ዋጋው 19,000 ነው። ስለዚህ በ19,000 ብር የሚገኘውን አዲስ ነው ከጎኑ የምታቆሙት። ያው አምፕ 220 ሆኖ ቢሆን ኖሮ 15,000 ነበር። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ ጥገናውና መቀነሻው ከተጠራው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ዋጋው ይቀንስልኝ፣ ካልቀነሰ ይቅርብኝ ነው።

የካፓሲተሩን ወጪ «ኧረ አሁን እየሠራ ነው» ብላችሁ አትተዉት። በውስጡ ፈሳሽ አለ፤ ዓመት ሲቆጠር ይደርቃል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባለው የባለሙያዎች ስሌት ነው። አርባ ዓመት ያለፈው አምፕ ተራው ደርሷል።

አዲሱንስ? እዚያም ወጥመድ አለ፤ ዋት የሚባለው ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፤ አምፕ ሻጭ ዋት ሲጽፍ ሁለቱም ጎን አብረው ሳያቋርጡ የሚሰጡትን፣ ያውም አንድ ሰዓት በሲሶ ኃይል ካሞቁት በኋላ ይጻፍ አለ። ለዚህ ነው የዚያን ዘመን «30 ዋት» እውነተኛ 30 ዋት የሆነው። ዛሬ ካርቶን ላይ የምታነቡት «1200 ዋት ፒኤምፒኦ» ግን ምንም ማለት አይደለም። እውነቱን ለማወቅ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ 12 ቮልት፣ 5 አምፒር ካለ ሲባዛ 60 ዋት ነው። ስልሳ የገባበት መቶ ሃያ አያወጣም። ሁለት ጎን ሲካፈል፣ ብክነቱም ሲነሳ፣ በየጎኑ 25 ካገኛችሁ ደግ ነው።

በድምፅ ጥራትስ? እዚህ ላይ ብዙ የድሮ ወዳጆች ይቀየሙኛል። በደንብ የተሠራ አዲስ አምፕ ድምፁ ከድሮው አያንስም፤ ሁለቱም ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ጨርቅ ሸፍነን ብናስደምጣችሁ አብዛኞቻችን አንለይም። «የድሮው ሞቅ ይላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ «ላውድነስ» የምትባለዋ ቁልፍ ናት፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሮ የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ትጨምራለች። ሌሊት ሰው ሳይቀሰቅስ ለሚያደምጥ ትልቅ ጸጋ ነች፤ በትንንሾቹ አዲሶች ላይ የለችም። ሸክላ ያለው ሰውም የፎኖ መግቢያውን በአሮጌው ላይ ከነመላው ያገኛል፤ በአዲሱ ላይ ለብቻ መግዛት ሊኖርበት ነው። ብሉቱዝ ደግሞ የአዲሱ ጸጋ ነበር፤ አሁን ግን ትንሽ መቀበያ ገዝቶ ኦክስ ላይ መሰካት ነው።

ስለዚህ 220 የሆነ፣ ነጠላ ትራንዚስተር ያለው፣ ያልተነካካ፣ በአቅራቢያችሁ የሚያየው ጠጋኝ ያለው አሮጌ አምፕ ስታገኙ አትለፉት። ከአራቱ ሁለቱ ከጎደሉ አዲሱን ግዙ። ጠጋኝ ማጣቱ ብቻውን ለኔ ከቮልቱ ይከፋል፤ ቮልት በመቀነሻ ይታረማል፣ ጠጋኝ ፍለጋ ግን አምፕ ተሸክሞ 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነው።

ስምንተኛ፦ ቤት ከገባ በኋላ

ቁልፎቹን በኮንታክት ማጽጃ እጠቡ፤ በቀጭኗ ቱቦ ትንሽ ብቻ ወደ ውስጥ ንፉ፣ ሠላሳ አርባ ጊዜ አመላልሳችሁ አዙሩ፣ ሳትሰኩ ለሰዓታት ተዉት። ጋዝና ቤንዚን አይነካ። እኛ ቤት ክርክርታውን የሚያመጣው አቧራ ብቻ አይደለም፤ የዕጣኑና የቡናው ጢስ እንደ ሙጫ ሆኖ አቧራውን ያጣብቀዋል። አምፑን ከረከቦቱ ጎን አታስቀምጡት። ክዳኑን የምትከፍቱ ከሆነ ነቅላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ነቅላችሁትም መብራት ይዘው ይቆያሉ።

ዳንቴሉን አንሱት። እናቴ ቡፌ ላይ ያለ ማንኛውም ዕቃ ራቁቱን ሲታይ ስለማይሆንላት አምፑንም አልብሳው ነበር፤ ከላይ ያለው ማናፈሻ ጭስ ማውጫው ነው ብዬ ለማሳመን ሁለት ቡና ፈጀብኝ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ዳንቴሉ ስፒከሩ ላይ ሄደ። ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ሙቀቱ ከደሴ ስለሚብስ ከላይ አንድ ጋት ክፍት ቦታ ተዉለት።

መብራት ሲሄድ ወዲያው አጥፉ። አምፕ የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ሲመለስ ዘሎ መምጣቱ ነው። ተመልሶ አምስት ደቂቃ ከረጋ በኋላ አብሩ።

ፊውዙን በቁጥሩ ለውጡ። 3 አምፒር የሚል ከሆነ 3 ነው፤ 5 አይሆንም። ባለፈው ክረምት የከፈትኩት አንድ ኬንውድ ፊውዙ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበት አገኘሁት። ባለቤቱ «ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርታለች» አለኝ። ትራንስፎርመሩን በጣቴ አሳየሁት፤ ከጥቅሉ የወጣው ቫርኒሽ ቀልጦ ታች ቆርቆሮው ላይ እንደ ማር ረግቷል።